ያለ ፍርድ ቤት የሚወረስ ርስት

በምዕራብ ቴክሳስ የምንኖር ሰዎች ከመሬት በላይ ያለን ንብረት ጥቂት ነው፤ ከመሬት በታች ግን ሁላችንም መሳፍንት ነን። ክቡር አቶ ዌልደን ፕርዊትም የዚህ ጨለማ ግዛት መስፍን ነበሩ። አባታቸው እርሻውን ሸጠው፣ ከሥሩ ያለውን የነዳጅ ዘይት መብት ለራሳቸው አስቀርተው ካረፉ ሃያ ዓመት ሆኗል። አቶ ዌልደን ሙሉውን ለአንዲት ልጃቸው ሊያስተላልፉ ቃል ገብተዋል፤ ነገር ግን መብቱ ዛሬም በሟቹ ስም ነውና ቆፋሪው ድርጅት ከሙት ጋር አልዋዋልም ብሏል።

ደንበኛው መንገድ ውርሱን በፍርድ ቤት ማጣራት ነበር። አቶ ዌልደን ግን ጠበቃ ማቆምን እንደ ስካር የሚጸየፉ፣ በቁጠባ የጸኑ ሰው ናቸው። ለእንዲህ ያለው ጻድቅ ሕጉ አቋራጭ አዘጋጅቶለታል፤ ከውርሱ ምንም የማይደርሳቸው፣ ቤተሰቡን አብጠርጥረው የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ወራሹ ማን እንደሆነ በመሐላ ከመሰከሩ ይበቃል። አቶ ዌልደንም «ምን ያስቸኩላል?» እያሉ በጥበብ ቆዩ። በዚህ መካከል ሊመሰክሩ የሚችሉት አዛውንት አንድ በአንድ አለቁ፤ በየቀብራቸውም ረጅሙን ንግግር ያደረጉት ራሳቸው አቶ ዌልደን ነበሩ።

የተረፉት ጎረቤታቸው ሚስ ኦሊታና የሚስ ኦሊታ ወንድም ሆይት ብቻ ነበሩ። ሁለቱን በጭነት መኪናቸው አሳፍረው መሐላ ከምትቀበል ውል አዋዋይ ዘንድ አደረሱና ስለ እውነት ክብር ተናገሩ።

«አንዲት ነገር ሳትደብቁ፣ እግዚአብሔርን ፈርታችሁ መስክሩ።»

«ሟቹ ስንት ልጆች ነበሯቸው?» አለች አዋዋይዋ።

«ሁለት» አሉ ሚስ ኦሊታ።

«አንድ» ሲሉ አቶ ዌልደን በትሕትና አረሟቸው።

«ምስክሩ አንተ ነህ ወይስ እኔ? ኦዴሳ ከተማ ያለችው እኅትህስ? አባትህ ከእናትህ በፊት ካገባት ሴት የወለዳት። ለፋሲካ ስትመጣ ፈልገህ እንድታገኘው ዕንቁላል ትደብቅልህ አልነበር?»

«እሷማ የአክስቴ ልጅ ናት።»

«ተብለህ ነዋ» አሉ ሆይት። «እናትህ ወሬዋን አትወድም ነበር። አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ አንተም የምታውቅ መስሎን ነበር።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ዝም አላችሁኝ?»

«አንተ ባለህበት ሌላ ሰው መቼ አፉን ይከፍታል?» አሉ ሆይት።

አዋዋይዋ «ሁለት» ብላ ጻፈች፤ ግዛቱም ለሁለት ተከፈለ። አቶ ዌልደን ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ወደ እርሷም ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የኔ ልጅ፣ ፍርድ ቤቱ በስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው?»

«ሂድ እንጂ» አሉ ሚስ ኦሊታ፣ ቦርሳቸውን አንሥተው እየተነሡ። «እኛም አብረንህ እንሄዳለን። እዚያስ ከእኛ ሌላ ምን ምስክር አለህ?»