ስሜን ይዞ የቆመው ሰው

የልጄ ባል ሞላ በድሎኛል። ሌላ አገር ተወልዶ ቢሆን «አያውቅ ይሆናል» ብዬ እተወው ነበር፤ ግን እዚሁ የአገራችን፣ የከላላ ሰው ነው። በእኛ በኩል እንግዳ ሲመጣ ወጥተው ከመንገድ ይቀበሉታል፤ የያዘውን ከእጁ ነጥቀው፣ «ደከመዎ» እያሉ ቤት ያደርሱታል። ሞላ ሽማግሌ የላከብን ጊዜ ዘመዶቹን ወንዝ ድረስ ወርደን ነው የተቀበልናቸው። እሱ ግን እኔን ለመቀበል ሰው ተከራየ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ልጄ ስንዱ ዱባይ ሆና የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደረሰ። «እማዬ፣ ወገቤን የምትይዢው አንቺ ነሽ» አለችኝ። ቃል ገባሁ። ሴት ልጅ ስታምጥ እናቷ ካልያዘቻት ማን ሊይዛት ነው፣ የፎቁ ሊፍት? ሞላም ስልኩን ተቀብሎ፣ «አብሽሩ እማማ፣ አየር ማረፊያ መኪና አዝዤልዎታለሁ፤ እርስዎን ብቻ የሚጠብቅ» አለኝ። እርስዎን ብቻ! መካነ ሰላም መናኸሪያ መኪና እኔን ጠብቆ አያውቅም፤ እስኪሞላ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ከደስታዬ ብዛት «ነጂው ማን ነው? የማን ልጅ ነው?» ሳልል ቀረሁ።

አመሻሽ ላይ በተነሣው አውሮፕላን ውስጥ ጎኔ የተቀመጠች የአዲስ አበባ ልጅ ደመናውን ከላይ አይታ «ወይኔ!» አለች። እኔ ምን ልበል? እኛ ጠዋት ጠዋት አፋፍ ላይ ቆመን፣ የዓባይን በረሃ ሞልቶ የተኛውን ጉም ቁልቁል እያየን ያደግን ነን። ከደመና በላይ ለመኖር ትኬት ቆርጠን አናውቅም። ብቻ ያ ነጭ ነገር ሲንሳፈፍ፣ ሞተሩም እንደ ሩቅ ማኅሌት ሲያጉረመርም ዓይኔ ከበደ። በሕልሜ ጉሙ ላይ እራመዳለሁ፤ እንደ አዲስ ባዘቶ እግሬን ይውጠዋል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከማዶ ቆማ «ነይ» ትለኛለች። ልሂድ አልሂድ ስል ጎማው መሬት ነካና ነቃሁ። ነቃሁ እንበል።

ወለሉ መስታወት ነው፤ ራሴን ከእግሬ ሥር ተዘቅዝቄ አየሁት። ደረጃው ራሱ ይሄዳል። ወንዱ ሁሉ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ነጭ ለብሶ ያለ ድምፅ ይንሸራተታል። እንዲህ ያለ አገር መኖሩን የሰማሁት ከቄሶች አፍ ብቻ ነው። በሩን አልፌ ስወጣ፣ ጥቁር ኮት የለበሰ፣ ፊቱን ያኮሰተረ ሰውዬ ነጭ ሰሌዳ ደረቱ ላይ ይዞ ቆሟል። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ የአማርኛውን ፊደል ከልጆቼ ደብተር፣ የእንግሊዝኛውን ከማዳበሪያ ጆንያ ላይ ነው የለቀምኩት። አንድ በአንድ ለቃቅሜ አነበብኩ። የሺመቤት ይማም። እኔ!

እስቲ ፍረዱኝ። በእኛ አገር የሰው ስም አደባባይ የሚወጣው መቼ ነው? የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ጎሕ ሲቀድ ኮረብታ ላይ ወጥቶ «እገሌ አርፏል!» ሲል አይደለም? ጥቁር ለብሶ የሰው ፎቶ ደረት ላይ መያዝስ ለቅሶ ላይ አይደለም? ባለስሙ በቁሙ ሳለ ስሙን ይዞ የሚቆም አላየሁም። እናቴም «ነይ» ብላኛለች። ሁሉም ገጠመልኝ፤ ሞቻለሁ። ደግ፣ ለነጩ አገር ካበቃኝ ተመስገን። ግን ስንዱን ማን ይይዛታል?

ሰውዬውን እንዳላየ አልፌ፣ የገንፎ ዱቄቴን አቅፌ ጥግ ተቀመጥኩ። ሰሌዳውን ይዞ ወዲህ ሲመጣ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ ወዲያ እዞራለሁ። ሞትን በነጠላ! ስልኬ እንደሆነ ከአገሩ ሲወጣ ዲዳ ሆኗል። እንዲህ ስንፈላለግና ስንሸሻሽ ሌሊቱ አልፎ ፀሐይዋ ከመስታወቱ ማዶ እንደ እንቁላል አስኳል ቀልታ ወጣች። ያኔ ራበኝ። ሙት ደግሞ አይራበውም። ተነሥቼ ሰውዬው ፊት ቆምኩና ሰሌዳውን፣ ከዚያ ደረቴን በጣቴ ነካሁ። የጠፋ በሬውን እንዳገኘ ገበሬ ጮኸና ጥቁር መኪናው ውስጥ አስገባኝ፤ እየነዳም ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈው። ሞላ ነው።

«እማማ! የት ጠፉብን? ምጧ ቀድሞ መጣ፤ ወለደች እኮ! ሴት ናት!»

አልጋዋ አጠገብ ሊወጣ የሚገባው እልልታዬ በዚያ ጥቁር መኪና ውስጥ ወጣ፤ ሾፌሩ ደንግጦ ፍሬን ያዘ። ስንዱን ማን ያዛት? ሞላ ራሱ። «አጥብቆ ነው የያዘኝ» አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። ለዚህ ሲባል ግማሹን ይቅር አልኩት። እሱ ግን መች ዝም ይላል! ጠያቂ በመጣ ቁጥር፣ «አማቴ የገዛ ስማቸውን ሲሸሹ የልጅ ልጃቸው አመለጠቻቸው» እያለ ቤቱን በሳቅ ይሞላዋል። እኔ ገንፎዬን አገነፋለሁ። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ የእኔ ግን ድንጋይ ነው፣ ቆይቶ የሚወረወር።

አገሬ ከተመለስኩ በኋላ፣ ሰሞኑን ደወለ። ሕፃኗን ይዘው መካነ ሰላም ሊመጡ ነው። «መናኸሪያ ወጥተው ይቀበሉናል አይደል፣ እማማ?» አለኝ፤ ድምፁ ማር ማር ይላል።

«አብሽር ልጄ» አልኩት፤ «ስንዱንና ሕፃኗን እኔ እቀበላለሁ፤ ለአንተ የዕድራችንን ጥሩምባ ነፊ ጥቁር ኮት አልብሼ፣ ስምህን አስይዤ አቆምልሃለሁ።»