ክር ያልነካት ጥናት

ስሟን መጥራት በማያስፈልግ አገር፣ ሆድ ቆራጭ የሚሉት በሽታ ሕፃናቱን መፍጀት በጀመረ በሠላሳኛው ዓመት፣ ንጉሡ ሊቃውንቱን ሰብስበው «ስለዚህ በሽታ ምን ታውቃላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ሊቃውንቱ ግን ዘጠኝ መቶ ጥናት ጽፈው ስለ ነበር ምን እንደሚያውቁ አያውቁም ነበር። ማንበቡም አድካሚ ሆኖ በመገኘቱ፣ ጥናቱ ሁሉ ተጠቅልሎ፣ በሰም ታሽጎ፣ ርእሱ ብቻ ወደ ውጭ እየታየ በታላቁ አዳራሽ ግድግዳ ላይ እንዲቸነከር፣ ጠቃሽና ተጠቃሽም በቀይ ክር እንዲተሳሰሩ፣ ብዙ ክር የተቋጠረበትም እውነት ተብሎ እንዲከበር በአዋጅ ተደነገገ። አቤት ብልሃት!

ሥራው አምስት ዓመት ፈጀ። አይዋሽም፣ እኔም ገብቼ አይቼዋለሁ፤ ያምራል። እመካከሉ ላይ የአዳራሹ አለቃ የሊቀ ጠበብት ምናሴ ጥናት ሦስት መቶ ክር ተቋጥሮበት ጉብ ብሏል። ውስጡ ምን እንደሚል የሚያስታውስ ግን አልነበረም፤ እሳቸውም ጭምር።

አንድ ቀን ጠዋት ደብሪቱ የምትባል የቆላ ሴት፣ በሽታው የያዛትን ልጇን አዝላ ገባች።

«ጌታዬ፣ መድኃኒቱ እዚህ ተጽፏል ብለውኝ ነው የመጣሁት። ለልጄ ውኃ እንኳ አልረጋላት አለ።»

«የማንን ክር ተከትለሽ መጣሽ?» አሉ ሊቀ ጠበብት።

«ኧረ እግሬን ተከትዬ ነው!»

ፊደል የቆጠረች ነበረችና ዐይኗ ግድግዳውን ሲቃኝ ከበሩ ሥር አንዲት ክር ያልነካት ጥናት አየች። የጻፋት አንድ የገጠር ጤና ረዳት ነው፤ ርእሷም «ሆድ ቆራጭ የያዘውን ሕፃን በቤት ውስጥ እንዴት እንዳዳንሁ» ይላል።

«ይቺን ይክፈቱልኝ!»

«አይቻልም። ማንም አልጠቀሳትም፤ ያልተጠቀሰ አይከፈትም።»

«ካልተከፈተ ማን አንብቦ ይጠቅሰዋል?»

«አየሽ፣ ለዚህ እኮ ነው ማንም ያልጠቀሳት» አሉ፣ አስተዋይነቷ ደስ ብሏቸው።

«በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ልጄ እየሞተችብኝ ነው!»

ሊቀ ጠበብት ክፉ ሰው አልነበሩም። ከእውነት ሁሉ የሚበልጠውን የራሳቸውን ጥናት አስፈትተው መደምደሚያውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡላት፦ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል።» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ያቺ ብቸኛ ጥናት ደግሞ የእናቶችን ልብ በከንቱ እንዳትሰቅል ተብሎ፣ የግድግዳውንም ውበት ታበላሽ ስለ ነበር፣ ተነቅላ ተቃጠለች።

ልጅቱ ከቀትር በኋላ በአዳራሹ ደጃፍ፣ በእናቷ ጀርባ ላይ እንዳለች አረፈች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ የለ? ሊቀ ጠበብት ከልባቸው አልቅሰው በሳምንቱ ስለ ልጅቱ አንድ ጥናት ጻፉ። ባልደረቦቻቸው ሁሉ ተሽቀዳድመው ጠቀሱት። ንጉሡም ግድግዳውን ጎብኝተው «ይህስ በሽታ አበቃለት!» አሉና ለሊቀ ጠበብት ካባ ደረቡላቸው።

በአርባው ሊቀ ጠበብት ደብሪቱን አስጠርተው እመካከል የተሰቀለውን አዲሱን ጥናት አሳዩአት። ከል እንደ ለበሰች ብዙ ቆማ አየችው።

«ስለ ልጄ ምን ይላል?» አለች።

ሊቀ ጠበብት ወደ ረዳቶቻቸው ዞሩ። ረዳቶቹም ጎንበስ ብለው፣ እንዳይሳሳቱ ሁለት ጊዜ ክሩን ቆጠሩና በአክብሮት መለሱላት፦ «ሰማንያ ሁለት።»