የኦይስተሮቹ ዘር ቆጣሪ

ሰውን በስሙ ሳይሆን በአያቱ የሚያውቅ ሽማግሌ የሌለበት ሰፈር የለም። ለእኛ ለምዕራብ አየርላንድ አጥማጆች የደረሰን ክቡር ማላኪ ኮንሪ ናቸው። እሳቸው ግን ሰውን ቆጥረው ጨርሰው ወደ ኦይስተር ተሻግረዋል። ከባሕር ወለል በዛጎሉ ተከድኖ የሚኖረውን ፍጡር አገላብጠው እያዩ፣ "ይቺ የደሴቷ ወገን ናት፤ ያቺ የወንዙ አፍ ልጅ ናት" ይላሉ። ቀብር ላይም ቢሆን።

እኔ ደግሞ የተማርኩ ነኝ። የተመናመነውን የባሕራችንን ኦይስተር እንዳበዛ የአጥማጆች ማኅበሩ ቀጠረኝ፤ ከሩቅ ማራቢያ ሁለት መቶ ሺህ ጥቃቅን ኦይስተር አስመጣሁ። ማላኪ ወደቡ ላይ ጠበቁኝ።

"እናቶቻቸው ስንት ናቸው?"

"ስድስት ቢሆኑ ነው፣ ጋሽ ማላኪ።"

"ሁለት መቶ ሺህ ወንድምና እህት አመጣሁ በለኛ።"

"ኦይስተር እኮ ዘንድሮ አባት፣ ለከርሞ እናት ይሆናል። ዘሩ እንዴት ይቆጠራል?" ብዬ ሣቅሁ። ብቻዬን።

"እንግዲያው ደህና አድርጎ መቁጠር ነዋ" ብለው ሄዱ።

በሦስተኛው በጋ በሽታ ገባ። ከእኔዎቹ አንዱን የገደለው ሁሉንም ገደላቸው። ከነባሮቹም ብዙ አለቀ፤ ግን ከየጎጡ የተረፈ ነበር። ናሙና ወደ ቤተ ሙከራ ላክሁ። አራት ገጽ መልስ መጣ፤ ሲጨመቅ የማላኪ ንግግር ነው፦ ሁሉም ወንድምና እህት ከሆኑ አንድ በሽታ ይጨርሳቸዋል። ይባስ ብሎ የእኔዎቹ ሳይሞቱ ከነባሮቹ ተዳቅለው የባሕሩን ዘር ማጥበብ ጀምረው ኖሯል።

ማኅበሩ ስብሰባ ጠራ፤ አጀንዳው እኔ ነኝ። ሊቀመንበሯ ደርቭላ ስንብቴን ለድምፅ ልታቀርብ ስትል ማላኪ ተነሡ። እስከ ሰባት ቤት ሊዘልፉኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

"ልጁ ስድስት ናቸው ብሎ እውነቱን ነግሮኛል" አሉ። "ይህን ለእናንተ መናገር የእኔ ፋንታ ነበር። ተሣቀብኝ ብዬ አኩርፌ ቤቴ ገባሁ። እሱን ካባረራችሁ እኔንም ጨምሩኝ።"

ማንም እጁን አላወጣም።

አሁን ሁለታችን ከየጎጡ እናት የሚሆኑ ኦይስተሮች እንለቅማለን፤ እስካሁን ሰማንያ ደርሰናል። ጋሽ ማላኪ ከጀልባው አፍንጫ ተቀምጠው አቀዛፌን፣ አለባበሴን፣ አንዳንዴም አተነፋፈሴን ይነቅፋሉ። ጉልበታቸውን አሟቸው የቀሩ ቀን እኔም አልወጣም። ሰው ከጠየቀኝ ባሕሩ ተቆጥቷል እላለሁ።