ፋብሪካውን ጠይቂ

«እኔ የለሁበትም» ባይ የሌለበት ሰፈር የለም፤ ሰፈር ይቅርና ቤተሰብም የለም። የዚህ ወገን ሊቀ መንበር ግን የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ያላቸው ሰውዬ ናቸው። ከበሮ ቢቀደድ፣ መብራት ቢጠፋ፣ ጣሪያው ቢያፈስ የክቡርነታቸው መልስ አንድ ነው፦ «የፋብሪካው ጥፋት ነው!» የሰፈሩ ሰውም ስማቸውን ትቶ «ጋሼ ፋብሪካ» ይላቸዋል።

የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ነርስ ጊታር የገዛችው ከእሳቸው ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትመኘው የኖረችውን ነገር፣ ስንት ዘመን ቆይታ፣ አቅፋው ቤት ገባች። ብዙም ሳይቆይ ጣቶቿ አበጡ። ክሩ ከእንጨቱ ርቆ ስለተወጠረ እሱን መጫን ትግል ሆነባት። ሰውን በመርፌ ስታስለቅስ የኖረች ሴት በተራዋ አለቀሰች። ወንድሟ በበሩ ብቅ ብሎ «ድመቷን ምን አድርገሻት ነው?» ሲላት ግን ቁርጧን ያወቀች መሰላት። ለካ ሙዚቃ ለእኔ አልተፈጠረም አለች።

ጊታሩን ይዛ ወደ ሱቁ ተመለሰች።

«ጋሼ፣ ይኼ ነገር ሳይሸጥ በፊት መስተካከል አልነበረበትም?»

«ነበረበት እንጂ!»

«ማን ነው የሚያስተካክለው?»

«ፋብሪካው ነዋ! እኔ ከሳጥኑ አውጥቼ ሰቀልኩት፤ በቃ። ፋብሪካውን ጠይቂ።»

«ፋብሪካው ባሕር ማዶ ነው፤ እርስዎ ግን እዚሁ ነዎት። ለነገሩ እኔም አልሆነልኝም። ይውሰዱት።»

«አልሆነልኝም» ስትል እንባዋ መጣ። ጋሼ ፋብሪካ ጣቶቿን አዩ። «ቁጭ በይ፤ ለፋብሪካው አሳውቃለሁ» ብለው ጊታሩን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። መጋረጃው ግን በደንብ አልተዘጋም። ክቡርነታቸው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው የጊታሩን አንገት በቁልፍ ጠምዘዝ፣ ክሩ የሚያርፍበትን አጥንት በሞረድ ፋቅ፣ መልሰው ደግሞ ቃኘት እያደረጉ ላብ ያጠምቃቸዋል።

ሲያስረክቧት ጣቷን አሳረፈች፤ ክሩ እሺ አለ። ስትለፋበት የከረመችውን አጭር ዜማ ከዳር እስከ ዳር ተጫወተችው። ጥፋቱ የእሷ እንዳልነበረ ሲገባት ደስታዋ ወሰን አጣ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ!»

«እኔ ምን አደረግኩ! ፋብሪካው ነው።»

«ታዲያ ለምን ሁሉንም እንዲህ አድርገው አይሸጡም?»

ግራ ቀኙን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከነካሁት የኔ ሊሆን ነዋ! ቢበላሽስ?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ነርሷ በጣም ትወዳቸዋለች። የሥራ ባልደረቦቿ ጊታር ከየት እንግዛ ሲሏት አታቅማማም። «ጋሼ ፋብሪካ ጋ ሂዱ፤ ትንሽ አልቅሱባቸው። መጋረጃው ክፍት ከሆነ ግን፣ አደራ፣ እንዳላየ ሁኑ።»