የቦርከና ማዕበል ጋላቢ

ከከሚሴ እስከ ጨፋ ሮቢት ብትሄዱ አስረጂ የሌለው ሰፈር አታገኙም። ያልገዛውን በሬ ዕድሜ ይነግራችኋል፤ ያልነዳውን መኪና ሕመም ከድምፁ ይለያል፤ ራሱ ወንደላጤ ሆኖ ሙሽራ ይመክራል። የዘይና ዕጣ ግን ከሁሉም ከፋ። ታናሽ ወንድሟ፣ ክቡር የባሕር ሊቅ ሙሄ፣ የሚያስረዳው ስለ ማዕበል ጋላቢነት ነው። ባሕሩ ያለው ደግሞ ከባቲም ወዲያ፣ ከአፋር በረሃ ማዶ ነው።

ሙሄ ጅዳ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ነበር። ሌሎቹ ሲመለሱ ወርቅና ቴሌቪዥን ያመጣሉ፤ እሱ አሠሪው የጣለውን ባለ ሞተር የማዕበል መጋለቢያ ጣውላ በሚኒባስ ጣራ ጭኖ መጣ። ባትሪውን አውሮፕላን ማረፊያ አስቀርተውበታል። ዘይና «ይሄ የበር መዝጊያ ነው?» ብላ ጠየቀችው። ለዚያች ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ እየሰጠ ነው።

«ቆይ እታለም፣ ከመሠረቱ ላስረዳሽ። ከጣውላው ሥር ይኸውልሽ ዘንግ አለ፤ ከዘንጉ ጫፍ እንደ አውሮፕላን ያለ ክንፍ። ሞተሩ ሲገፋሽ ክንፉ ውሃ ውስጥ ይበራል፣ ጣውላው ብድግ ይላል። ማዕበሉ ላይ ስትደርሺ ሞተሩን ታጠፊዋለሽ። ከዚያ ወዲያ የሚወስድሽ ማዕበሉ ራሱ ነው!»

«አንተ ወጥተህበት ታውቃለህ?»

«አጥቤዋለሁ።»

ሰርግ ቤት አስረዳ፤ ለቅሶ ቤት አስረዳ። ሊያገባት የሚፈልጋትን ፊርደውስን እንዲጠይቁለት የላካቸው ሽማግሌዎች ስለ ልጁ ጠባይ ሲጠየቁ ስለ ክንፉ ተናግረው ተመለሱ። አስጠንቷቸው ኖሯል።

ዘይና ይህን ሁሉ ችላለች። የፓምፑ ነገር ግን አንጀቷን አሳረረው።

የቦርከና ወንዝ ዳር ጎረቤቶች አንድ የቤንዚን ፓምፕ በጋራ አላቸው፤ በተራ ያጠጡበታል። ተራ ያመለጠው ሰው ለሁሉም እስኪዳረስ ይጠብቃል። የዘይና ሽንኩርት ደግሞ ራስ እየቋጠረ ነው፤ በዚህ ተራ ካልጠጣ የዓመት ልፋቷ አፈር በላ። ተራዋ በደረሰ ጧት ወደ ማሳዋ ብትሄድ ፓምፑ የለም። ደሴ በኩል ዘንቦ ቦርከና ደፍርሶ ይጋልባል። ሙሄ ከዳር ተንበርክኮ ፓምፑን ከነረጅም ቱቦው ጣውላው ላይ ይጠፍራል።

«ማል ጎታ አንተ! ምን እየሠራህ ነው?»

«ባትሪ የለኝም። ፓምፕ ግን ውሃ ስቦ በኃይል ይተፋል። ወደ ኋላ ከተፋ ወደ ፊት ይገፋል። ማዕበሉም ይኸው መጣ። ቆይ፣ ከመሠረቱ...»

«መሠረትህ ይናድ! ሽንኩርቴን ገድለህ ልትበር?»

«አትስጊ፣ ጣውላውን ከሾላው ጋር አስሬዋለሁ» አላት፣ ልቧን የከበዳት የጣውላው ነገር ይመስል።

ቀጣዩ ተረኛ ዓብዱልመጂድ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። «ተይው እስኪ፤ ጅዳ ሲደርስ ይደውላል» አለ። ዘይና ድንጋይ አነሣች። ለማንኛቸው እንደሆነ ገና አልወሰነችም።

ፓምፑ ተነሣ። ጣውላው ተወረወረ። ክቡር የባሕር ሊቅ ለአንድ አፍታ ቆሙ፤ ወሏሂ ቆሙ! ወዲያው እግራቸው ወደ ሰማይ፣ ራሳቸው ወደ ጭቃ ሆነ። በአራት እግራቸው እየዳሁ ወጡ።

ጣውላው ግን አልተገለበጠም። ገመዱ ያዘው፤ ክንፉም ከሥር ሆኖ አረጋው። ፓምፑ መሐል ወንዝ ላይ እየጮኸ ይስባል። የቱቦው ጫፍ ከእስሩ ተፈትቶ እንደ እባብ ተገላበጠና ውሃውን ዘይና ላይ ለቀቀው። ከሻሿ እስከ ጫማዋ ራሰች። ልትራገም አፏን ብትከፍት አፏም ሞላ።

ያኔ አንድ ነገር ታያት። ጎርፍ በመጣ ቁጥር ከዳር የሚነከረው የፓምፑ መሳቢያ ቱቦ ጭቃና ቅጠል ውጦ ይታነቃል። የጎርፍ ቀን ተራ የሞተ ተራ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ይሄኛው ግን ተንሳፍፎ ከላይ ከላዩን ይጠጣል! ድንጋዩን ጣለች፤ ቱቦውን አንቃ ወደ ቦይዋ ጎተተችው። ሽንኩርቱ እስከ ቀትር ጠጣ።

ሙሄን እስከ ምሽት ሰደበችው። የሰው ተራ ሳይጠይቅ ወስዷልና ይገባዋል።

በማግስቱ ዓብዱልመጂድ መጣ። ተራው የእሱ ነው፤ ጎርፉም አልጎደለም። ጢሙን እያሻሸ «ያ... የዚያ የእብዱ ወንድምሽ ሳንቃ...» አለ።

ሙሄ አፉን ሲከፍት ዘይና በመዳፏ ዘጋችው።

«እብድ ያልከው ማንን ነው?» አለች፣ ዓይኗ ደም ለብሶ። «ተቀመጥ! ቆይ፣ ከመሠረቱ ላስረዳህ። ከጣውላው ሥር ዘንግ አለ...»