ጎመን ሉካንዳ ገባ

ትናንት በሕልሜ የደረስኩት ጠቡ ከተጋጋለ በኋላ ነበር። ጎመን የባለቤቴን የደምሰውን ኮሌታ አንቆ ሉካንዳው መሃል ይጮኻል።

«ዕድሜህን ሙሉ ሳህን ዳር የምትገፋኝ ምን አድርጌህ ነው?»

«አንተ የጾም ነህ» አለ ደምሰው። «በፍስክ ምን ልታደርግልኝ?»

ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። የጉሮሮ ካንሰር ከያዘው ወዲህ እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ጠቡን ትቼ ድምፁን አዳመጥኩ።

በሬዎች ጠረጴዛ ከበው ሰላጣ ይበላሉ። አንድ ወጠጤ ነጭ ካፖርት ለብሶ ካሮት ይመዝናል። ደጅ ላይ ሐኪሞች ካርድ ይዘው ተሰልፈዋል፤ የሚጠራቸው ደምሰው ነው።

«ቀጥል!»

አንድ ሐኪም እጅ እየነሣ ገባ።

«ጋሼ፣ እድናለሁ?»

«ትድናለህ። አረቄና ሲጋራ ግን ተው።»

ጎመን ኮሌታውን ለቀቀና ወደ ሐኪሙ ዞረ። «እውነቱን ንገረኝ። ይሄ ሰው እኔን፣ ካሮትን፣ ብርቱካንን አዘውትሮ ቢበላ ኖሮ አይታመምም ነበር?»

«የመታመም ዕድሉ ይቀንስ ነበር» አለ ሐኪሙ። «አረቄውና ሲጋራው ግን ይብሳሉ። አይታመምም ነበር ብዬ አልምልልህም።»

ጎመን ተንሰቅስቆ አለቀሰ። በሬዎቹም ሹካቸውን አስቀምጠው አብረውት አለቀሱ። ደምሰው አፈረ።

«በቃ፣ አታልቅስ። ና» አለው። ወደ እኔ ዞሮም «አስካል፣ እስቲ አጉርሺኝ» አለኝ።

ጎመን ዕንባውን ጠርጎ እንጀራው ላይ ወጣና ተጋደመ። ጠቀለልኩና አጎረስኩት። ደምሰው አኘከ። ዋጠ። ማንቁርቱ ሲወጣና ሲወርድ አየሁ።

«ድገሚኝ።»

ጠቅልዬ እጄን ዘረጋሁ።

ነቃሁ። የሆስፒታሉ ክፍል ውስጥ፣ አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ ነበርኩ። ሆዱ ላይ በተተከለው ቱቦ ፈሳሽ ምሳው ቀስ እያለ ይወርዳል። ጣቶቼ ባዶ ጉርሻ ይዘው ከንፈሩ አጠገብ ቆመዋል። ደምሰው አያቸው። ከዚያ አፉን ከፈተ።

በነጠላዬ ጫፍ ከንፈሩን ጠረግኩለት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እኅቱ የላከችልኝን ምሳ፣ እዚህ አስታማሚ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ሽታው እንዳይደርሰው በነጠላዬ ሸፍኜ ደረጃው ላይ ልበላ ወጣሁ።