ሦስት የተሰረዙ ስድቦች

ሰው ስድብ ይጠላል ሲባል አልስማማም። የሚጠላው ራሱ ሲሰደብ ነው እንጂ፣ ሌላው ሲሰደብማ ሥራውን ጥሎ ቆሞ የሚያዳምጥ አገር ላይ ነው ያደግነው። እናንተም ብትሆኑ፣ እስቲ አትዋሹ፣ መንገድ ላይ ሁለት ሰው ሲሰዳደብ እርምጃችሁን ቀንሳችሁ ታውቃላችሁ።

እኔ ስድብ የተማርሁት ከአባቴ ነው። ጉና ተራራ ሥር የሚያርስ ገበሬ ነበር፤ ሰውን ሲሰድብ ሰምቼው አላውቅም። በሬውን ግን «ከርሳም»፣ ውሻውን «ልክስክስ»፣ ስጥ የምትለቅመዋን ዶሮ «ዓይነ ደረቅ» ይላል፤ ሲላቸው ደግሞ ያምርበታል። ደርግ ወድቆ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ክበብ በክበብ በሆነበት ዘመን፣ ደብረ ታቦር ቤት ተከራይቼ ስማር፣ የድራማ ክበባችን ለወላጆች ቀን ስለ ድንበር ገፊ ጎረቤት ድራማ ጻፍ አለኝ። ጻፍሁ። ሦስቱንም ስድቦች ድንበሩ ለተገፋበት ገበሬ ሰጠሁና ገበሬውን ራሴ ልሠራው ወሰንሁ። አባቴ የገዛ ቃሉን መድረክ ላይ ሲሰማ ፊቱን ማየት ነበር ምኞቴ፤ ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

ድርሰቱን የሚመረምሩት ዩኒት ሊደራችን ነበሩ። በቀይ እስክሪብቶ ስድቦቹን ሰርዘው በምትካቸው «ክቡር ጎረቤቴ፣ ድርጊትህ አላስደሰተኝም» የሚል አስገቡ። ከዚህ ውጭ አንዲት ቃል ብትወጣኝ ክበቡ እንደሚዘጋ፣ እኔም ወላጅ እንደማመጣ ነገሩኝ።

ቀኑ ደረሰ። አባቴ ከጉና በእግሩ መጥቶ፣ ከኋላ ዴስክ ላይ ዱላውን ጉልበቱ መሐል አቁሞ ተቀምጧል። ድራማ አይቶ አያውቅም። ድንበር ገፊው ጓደኛዬ ጌቱ የወሰኑን ድንጋይ ታቅፎ ወደ እኔ መሬት ሲገባ ተራዬ ሆነ። «ክቡር» ልል አፌን ከፈትሁ፤ አባቴን አየሁትና አፈርሁ። መሬቱን የተቀማ ገበሬ እንዴት ብሎ ነው ክቡር የሚለው? እንዲያው ጌቱን ትክ ብዬ እያየሁ ዝም አልሁ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኛ አገር ግን መሬቱ ተገፍቶ ዝም የሚል ሰው ያስፈራል። የተሳደበው ወጥቶለት ይታረቃል፤ ዝም ያለው ቤቱ ገብቶ ጠመንጃውን ያወርዳል። አባቴ ይህን ያውቃል።

«በሕግ አምላክ!» ብሎ ተነሣ። በዚህ ቃል የማይቆም ሰው የለምና አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ጌቱም ድንጋዩን እንደታቀፈ ደርቆ ቀረ። «ልጄ፣ ስደበውና ይውጣልህ። ዝም ብለህ እንዳትገባ።»

ዩኒት ሊደሩን አየሁ።

«እንግዲያው እኔ ልስደብልህ» አለና ወደ ጌቱ ዞረ። «አንተ ከርሳም። ልክስክስ። ዓይነ ደረቅ።»

በቅደም ተከተሉ! ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ጌቱ ደንግጦ ድንጋዩን ወደ ቦታው መለሰው። እኔ የጻፍሁት መጨረሻ እንዲህ አልነበረም፤ ይኼኛው ግን ይሻላል።

ዩኒት ሊደሩ ከመጋረጃው ጀርባ መጥተው፣ በልማድ፣ «ነገ ወላጅ ይዘህ ና» አሉኝ።

አባቴ አጠገቤ ነበር። «አለሁ፤ ልጁ ምን ተናገረ፣ መምህር?» አላቸው።

«ምንም» አሉ።

አባቴ ካረፈ ቆየ። ይናፍቀኛል። ዛሬ የምበደለው በደብዳቤ፣ «ክቡር» ተብዬ ነው፤ እኔም በትሕትና እመልሳለሁ። አንዳንድ ጊዜ ግን ከመፈረሜ በፊት ዞር ብዬ ከኋላ ማን እንዳለ አያለሁ። ማንም የለም።